የፊልም መኪና በመዳፍ ላይ

*ዝነኛ የፊልም መኪኖችን በትንንሽ የብረት ሞዴሎች መልሶ የሚሠሩ ሰዎች ከእጃቸው በፊት የሚያሠለጥኑት ዓይናቸውን ነው*

(በዚህ ጽሑፍ ዓ.ም. ተብሎ ካልተለየ በቀር ዓመታቱ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ጥቁር አረንጓዴ ፎርድ ሙስታንግ የሳን ፍራንሲስኮን ዳገት ጨርሶ ጫፉ ላይ ሲደርስ ጎማዎቹ ከአስፋልቱ ይለቃሉ። ቁልቁለቱ ላይ እንደ ወደቀ ብረቱ ያቃስታል፤ ከፊቱ ጥቁር ዶጅ ቻርጀር ይፈተለካል። ፍጥነቱ ከበረታ በኋላ ሙዚቃ አይሰማም። የሚሰማው የሞተሩ ጉርምርምታና የጎማው ጩኸት ብቻ ነው። ፊልሙ በ1968 ለእይታ የበቃው «ቡሊት» ሲሆን ዳይሬክተሩ ፒተር ያትስ፣ መሪ ተዋናዩ ስቲቭ ማክዊን ነው። ዐሥር ደቂቃ ያህል የሚወስደው ይህ የመኪና ማሳደድ ከዚያ ወዲህ የተሠሩ የማሳደድ ትዕይንቶች ሁሉ የሚነጻጸሩበት ሆኗል።

አብዛኛው ተመልካች ትዕይንቱ ሲያልቅ «ኡፍ» ብሎ ይቀጥላል። ጥቂቶች ግን ምስሉን አቁመው ወደ ኋላ ይመልሱታል። ሙስታንጎች በተለምዶ ፊታቸው ላይ የሚይዙት የፈረስ ምልክት በዚህኛው ላይ የለም። ጭጋግ መብራቶቹም ተነቅለዋል። ቸርኬው ከፋብሪካ የወጣው ሳይሆን ባለ አምስት እግር ግራጫ ነው። ታርጋው ጄጄዜድ 109 ይላል። ተመልካቹ ይህን ሁሉ ማስታወሻ ላይ ካሰፈረ በኋላ ያንኑ መኪና ሰባት ሴንቲ ሜትር ሆኖ ለማግኘት ፍለጋ ይጀምራል።

የሚፈልገው ዳይካስት የሚባለውን፣ ከቀለጠ ብረት በፎርማ የሚወጣውን ትንሽ መኪና ነው። ብዙዎቻችን ይህን መኪና የምናውቀው ከልጆች እጅ ነው። በአሜሪካ፣ በእንግሊዝ፣ በጃፓንና በሌሎችም አገሮች ግን ጎልማሶች የሚመራመሩበት፣ የሚገበያዩበትና በገዛ እጃቸው የሚያሻሽሉት ነገር ሆኗል። ከመካከላቸው የፊልም መኪና ፈላጊዎች የተለዩ ናቸው። ውድ ወይም ብርቅ የሆነው አያጓጓቸውም፤ የሚያሳስባቸው መኪናው በፊልሙ ላይ የታየውን መምሰሉ ነው።

ወርቃማው አስቶን ማርቲን

በ1947 ሌስሊ ስሚዝና ሮድኒ ስሚዝ የተባሉ፣ የስጋ ዝምድና የሌላቸው ሁለት ጓደኛሞች ለንደን ውስጥ ሌስኒ የተባለ ድርጅት አቋቋሙ። ጃክ ኦዴል የተባለ የብረት ቀረጻ ባለሙያም ተቀላቀላቸው። በሰብሳቢዎች ዘንድ እንደሚተረከው የኦዴል ልጅ ትምህርት ቤት ተማሪዎች ይዘው እንዲመጡ የሚፈቅደው ክብሪት ሳጥን ውስጥ የሚገባ መጫወቻ ብቻ ነበር። አባትየውም በክብሪት ሳጥን ልክ ትንሽ የመንገድ መዳመጫ ሠራላት። ክፍል ጓደኞቿም እንዲሠራላቸው ጠየቁ። በ1953 የወጣው «ማችቦክስ» ስሙንም መጠኑንም ያገኘው ከዚያው ሳጥን ነው። አሜሪካዊው ማቴል በ1968 «ሆት ዊልስ»ን ይዞ ብቅ ሲል ደግሞ ፈጣን ጎማና አንጸባራቂ ቀለም የገበያውን መልክ ለወጡት።

የፊልም መኪናን በልጆች ኪስ ያስገባው ግን ኮርጊ የተባለው የእንግሊዝ ምርት ነው። የጄምስ ቦንዱ «ጎልድፊንገር» በ1964 ከታየ በኋላ፣ ኮርጊ በሚቀጥለው ዓመት የቦንድን አስቶን ማርቲን ዲቢ 5 በትንሹ ሠርቶ አወጣ። አንዷን ቁልፍ ሲጫኑ ጣሪያው ተከፍቶ ተሳፋሪው ከነወንበሩ ይፈናጠራል። ሌላዋ ጥይት መከላከያውን ከኋላ ታነሳለች፤ ከፊትም መሣሪያ ብቅ ይላል። መጫወቻው በሚሊዮኖች ተሸጠ።

የዚህች ዝነኛ መጫወቻ ቀለም ግን ከፊልሙ ጋር አይገጥምም። በፊልሙ መኪናው ብርማ ነው፤ የኮርጊዋ ወርቃማ ነበረች። ለዚህ የሚነገረው ምክንያት ብርማ ቀለም መኪናዋን ያልተቀባ ባዶ ብረት ያስመስላታል የሚል ስጋት ነው። ፎርማዋም ቢሆን ኮርጊ ቀደም ሲል ለሠራው ዲቢ 4 ከተዘጋጀው የተወለደ ነበር። ብርማዋ የመጣችው በ1968 ነው።

ገና ከመነሻው በፊልሙና በመጫወቻው መካከል ክፍተት ነበር ማለት ነው። የዛሬዎቹ ሰብሳቢዎች የሚሠሩት እዚያ ክፍተት ውስጥ ነው።

> «የፊልሙን ስም አይፈልጉም፤ የሚፈልጉት የመኪናውን ስም፣ ዓመቱንና የአካሉን ዓይነት ነው።»

ፍለጋው ከየት ይጀምራል?

«የፊልሙ መኪና» ተብሎ በሣጥን የሚሸጠውን ዝግጁ ሞዴል መግዛት ቀላሉ መንገድ ነው። ይሁንና አንድ አምራች እንዲህ ያለውን ሞዴል ለማውጣት ከመኪና ፋብሪካውም ከፊልም ባለመብቱም ፈቃድ ማግኘት አለበት። ፈቃዱ ገንዘብ ይጠይቃል፤ የጊዜ ገደብም አለው። ስለዚህ የፊልም ሞዴሎች በአንድ ወቅት ወጥተው ይጠፋሉ፤ ከጠፉ በኋላም ዋጋቸው ይንራል።

ልምድ ያላቸው ፈላጊዎች ሌላ መንገድ አላቸው፤ የፊልሙን ስም ሳይሆን የመኪናውን ስም፣ ዓመቱንና የአካሉን ዓይነት ይፈልጋሉ። «ቫኒሺንግ ፖይንት» በተባለው የ1971 ፊልም በረሃውን የሚያቋርጠው መኪና ነጭ የ1970 ዶጅ ቻሌንጀር ነው። እንዲህ ያለ ቻሌንጀር በየትኛውም ቀለም ቢገኝ ነጭ ይቀባል። በ1969ኙ «ዚ ኢታሊያን ጆብ» በቱሪን ደረጃዎችና የገበያ መተላለፊያዎች የሚሽሎከሎኩት ሚኒ ኩፐሮች ቀይ፣ ነጭና ሰማያዊ ናቸው። ሦስት ተራ ሚኒ ያለው ሰው ሥራውን አጋምሷል። የ«ጎስትባስተርስ» መናፍስት አዳኞች የሚነዱት የ1959 ካዲላክ ደግሞ አካሉ ለአምቡላንስና ለአስከሬን ማመላለሻ የተሠራ ስለሆነ ፈላጊው ከአምቡላንሶች መደርደሪያ ይጀምራል።

መጠንም ይታሰብበታል። በብዛት የሚገኘው 1 ለ 64 የሚባለው፣ ከእውነተኛው መኪና 64 ጊዜ የሚያንሰው ሲሆን አውሮፓውያን ሰብሳቢዎች የሚያዘወትሩት 1 ለ 43 ነው። ዝርዝር የሚወድ 1 ለ 18 ይገዛል። ችግሩ ርካሾቹ ሞዴሎች ለመለኪያው ሁልጊዜ ታማኝ አለመሆናቸው ነው። የጭነት መኪናም ሆነ ሚኒ አንድ ዓይነት ማሸጊያ ውስጥ እንዲገቡ ትልቁ ይጠባል፤ ትንሹ ያብጣል። የሚያሳድደውንና የሚሳደደውን ጎን ለጎን ማቆም የሚፈልግ ሰው ማስመሪያ ይዞ መግዛት አለበት።

በአሜሪካ ከተሞች ሰብሳቢዎች ሱቅ ሲከፈት ቀድመው ደርሰው አዲስ የተሰቀለውን ያገላብጣሉ። የድሮዎቹ ሞዴሎች በመለዋወጫ ገበያዎችና በጨረታ ይገኛሉ። ነጋዴዎች ዋጋ የሚሰጡት ላልተከፈተ ማሸጊያ ነው። መልሰው የሚሠሩት ግን ተቃራኒውን ይወዳሉ፤ ቀለሙ የተፋቀ፣ በካርቶን ሙሉ የሚሸጥ የልጅ መጫወቻ ለእነሱ ጥሬ ዕቃ ነው። «ማሸጊያው ውስጥ የተቀመጠ መኪና የእኔ አይደለም፤ ገና የሱቁ ነው» ይላሉ።

ዚንኩን ማወቅ

የዳይካስት መኪና አካል ዛማክ ከሚባል ቅይጥ ይሠራል። ዋናው ዚንክ ነው፤ አሉሚኒየም፣ ማግኒዚየምና መዳብ ይጨመሩበታል። ቅይጡ ከ400 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች ስለሚቀልጥ ከብረት የተቀረጸውን ፎርማ ቶሎ አይበላውም። በግፊት ሲገባ የበር እጀታንና የኮፈን መስመርን ሳይቀር ይዞ ይወጣል።

ይህ ብረት ጠላት አለው። ቅይጡ ውስጥ ትንሽ እርሳስ ከገባ ከዓመታት በኋላ ከውስጥ ይሰነጣጠቅና ይፈረካከሳል። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፊት የተሠሩ ብዙ መጫወቻዎች ያለቁት በዚህ ሕመም ነው። መድኃኒት የለውም። አሮጌ ሞዴል የሚገዛ ሰው መኪናውን ገልብጦ የፀጉር መስመር የሚያህል ስንጥቅና የተጣመመ አካል መኖሩን ያያል።

ዕድሜውን የሚናገር መብራት

የፊልም መኪና ፍለጋ ምን ያህል ዓይን እንደሚጠይቅ ለማየት አዲስ አበባ አሳምራ የምታውቀውን ቮልስዋገን እንውሰድ። ዲዝኒ በ1968 ያወጣው «ዘ ላቭ በግ» ባለታሪኩ ሰው አይደለም፤ ሄርቢ የተባለ ልብ ያለው ቮልስ ነው። መኪናው የ1963 ሞዴል ሲሆን ከፊት እስከ ኋላ ቀይ፣ ነጭና ሰማያዊ መስመር ያልፍበታል፤ ክብ ውስጥ የተጻፈ 53 ቁጥርም አለው። ቁጥሩ የመጣው ከሎስ አንጀለስ ዶጀርስ የቤዝቦል ተጫዋች ዶን ድራይስዴል ማሊያ ነው። ታርጋው ኦኤፍፒ 857 ነው።

«ቮልስ ሁሉ አንድ ነው» የሚል ሰው እዚህ ጋ ይሳሳታል። ቮልስዋገን ቅርጹን ሳይለውጥ ዝርዝሩን በየጊዜው ያሻሽል ነበር። ከ1965 ሞዴል ጀምሮ መስኮቶቹ ሰፍተዋል፤ ስለዚህ ሄርቢ ጠበብ ያለ መስኮት ያስፈልገዋል። የድሮው የፊት መብራት በጭቃ መከላከያው ላይ ወደ ኋላ ጋደል ብሎ ይቀመጣል፤ የኋለኛው ቀጥ ብሎ ይቆማል። የድሮው ፓራውልት ከላዩ ተጨማሪ የቱቦ ቅስት ነበረው፤ ከ1968 ሞዴል ጀምሮ ወፍራምና ቀጥ ያለ ሆነ። የፊት ፍሬቻውም ለ1964 ሞዴል ሰፋ ብሏል።

ከ21 ሚሊዮን በላይ ቮልስ ተመርቶ የመጨረሻው በ2003 ከሜክሲኮው ፑዌብላ ፋብሪካ ወጥቷል። የሞዴል ፋብሪካዎችም ከዚህ ሁሉ ዘመን የፈለጉትን ዓመት መርጠው ይሠራሉ። መርካቶ ወይም ፒያሳ አካባቢ በቮልስ ሥራ ያረጀ መካኒክ በእነዚህ ምልክቶች የመኪናውን ዕድሜ ከሩቅ ይናገራል። የሄርቢ ፈላጊም በሱቅ መደርደሪያ ፊት የሚያደርገው ይህንኑ ነው፤ ልዩነቱ የእሱ መብራት የምስር ፍሬ ማከሉ ብቻ ነው።

ከዚያ ደግሞ ፊልሙ ብቻ የሚያስተምረው ነገር አለ። በመጀመሪያው ፊልም ሄርቢ ላይ የቮልስዋገን አርማ አይታይም፤ ስለዚህ ሞዴሉ ላይ ያለው አርማ ተፍቆ መጥፋት አለበት። ጣሪያው በጨርቅ የሚከፈት ነው። የውስጡ ክፍል የካሜራ መብራት እንዳያንጸባርቅ ግራጫ ተቀብቶ ነበር። በመስኮት አጮልቆ ለሚያይ ሰው ጥቁር ወንበር የያዘ ሄርቢ ሄርቢ አይደለም።

ትራፓኖ፣ ብርጭቆ ወረቀትና ቀጭን ቀለም

ትክክለኛው ቮልስ ሲገኝ ገልብጠው የሆዱን ክፍል ከአካሉ ጋር ያጣበቁትን ሁለት ሪቬቶች ያያሉ። የሪቬቱ ራስ ብቻ በትንሽ ትራፓኖ ይበሳል፤ ጠልቆ ከገባ መልሶ ለማሰር የሚሆን ብረት አይተርፍም። ሪቬቱ ሲለቅ መኪናው አራት ይሆናል፤ ሆድ፣ ወንበር፣ መስታወትና አካል። መስታወቱ ፕላስቲክ ስለሆነ ወዲያው ይገለላል፤ የቀለም ማስለቀቂያ ከነካው ይደበዝዛል።

የፋብሪካው ቀለም በማስለቀቂያ ይነሣል። ብረቱ በሳሙና ይታጠብና ከደረቀ በኋላ በጣት አይነካም፤ የእጅ ቅባት ቀለም አያስይዝም። ቀጥሎ ፕራይመር ይነፋበታል፤ በረቀቀ ብርጭቆ ወረቀት በውኃ ይለሰልሳል፤ ከዚያ ዋናው ቀለም ይመጣል። እስከዚህ ያለውን ቅደም ተከተል ማንኛውም የመኪና ቀለም ቀቢ ያውቀዋል። ሥራው የሚለየው በቀለሙ ውፍረት ነው። መኪናውን በ64 ማካፈል ይቻላል፤ የቀለሙን ውፍረት ግን አይቻልም። አንድ ጊዜ በዝቶ የተነፋ ቀለም የበሩን መስመር ደፍኖ መኪናውን የሳሙና ቁራጭ ያስመስለዋል። ስለዚህ እየተጠበቀ፣ በጣም በስሱ፣ ደጋግሞ ይነፋል።

የቀለሙ ዓይነትም ከፊልሙ ይወሰዳል። የሄርቢ ነጭ ደማቅ ነጭ አይደለም፤ ቮልስዋገን የዕንቁ ነጭ ብሎ የሚጠራው፣ ረጋ ያለ ነጭ ነው። ከሱቅ በተገዛ ደማቅ ነጭ የተቀባ ሄርቢ ምኑ እንደ ጎደለ ለማያውቅ ሰው እንኳ እንግዳ ሆኖ ይታየዋል።

ቁጥሩና መስመሩ የሚለጠፈው በውኃ በሚላቀቅ ስስ ተለጣፊ ነው። ተለጣፊው በመቀስ ተቆርጦ ለብ ባለ ውኃ ውስጥ ለአፍታ ይነከራል፤ ከወረቀቱ መንሸራተት ሲጀምር በእርጥብ ብሩሽ ወደ ኮፈኑ ይገፋል። ቮልስ ቀጥ ያለ ቦታ የለውም፤ ክቡ የኮፈኑን ጉብታ ሲነካ ጠርዙ ይጨማደዳል። ባለሙያው ማለስለሻ ፈሳሽ ጠብ አድርጎ ይታገሣል፤ ተለጣፊው ራሱ ጉብታውን ተከትሎ ይተኛል። በዚህ ጊዜ በጣት መጫን የሙሉ ቀን ሥራ ያበላሻል።

> «መኪናውን በ64 ማካፈል ይቻላል፤ የቀለሙን ውፍረት ግን አይቻልም።»

ፊልሙ ራሱ ሲምታታ

ወደ «ቡሊት» እንመለስ። በዚያ ማሳደድ ውስጥ አንድ አረንጓዴ ቮልስ ደጋግሞ ይታለፋል፤ አንዱን ትዕይንት ከተለያየ አቅጣጫ ቀርጸው ስለቀጠሉት ነው። ጥቁሩ ቻርጀር ደግሞ በየማዕዘኑ የቸርኬ ክዳን ሲጥል ይታያል፤ የጣላቸው ሲቆጠሩ መኪናው ካሉት አራት ጎማዎች ይበልጣሉ። ቻርጀሩን በትንሹ የሚሠራ ሰው ስንት ክዳን ያድርግለት?

ሰብሳቢዎች እዚህ ላይ ለሁለት ይከፈላሉ። አንዱ ወገን «አንድ ቅጽበት ምረጥ፤ በዚያች ቅጽበት በማያው ላይ የታየውን ብቻ ሥራ» ይላል። ሌላው «መኪናው በትዝታችን የቀረበትን መልክ ሥራ» ባይ ነው። የመጀመሪያው አቋም ያመዝናል። ትዝታ መኪናውን ያሳምረዋል፤ የተቀረጸው ምስል ግን እንደ ነበረ ያሳየዋል፤ ጭረቱም ቆሻሻውም ሳይቀር።

«ባክ ቱ ዘ ፊውቸር» ጥያቄውን ያከብደዋል። በሰሜን አየርላንድ የተሠራው ዴሎሪያን አካሉ ያልተቀባ የማይዝግ ብረት ነው። ስለዚህ ሞዴል ሠሪው ብረት ላይ ብረት የሚመስል ቀለም መቀባት ይኖርበታል፤ ይህም ከሁሉ የሚከብደው ሥራ ነው። መኪናው በሦስቱ ፊልሞችም አንድ አይደለም። በመጀመሪያው መብረቅ የሚቀበል ዘንግ ይዟል። በሁለተኛው ይበርራል። በሦስተኛው ነጭ ከንፈር ያላቸው ጎማዎችና ኮፈኑ ላይ የተጫነ የኤሌክትሪክ ሣጥን አለው፤ በኋላም በባቡር ጎማ ሐዲድ ላይ ይሄዳል። «ዴሎሪያን እፈልጋለሁ» ለሚል ሰው የመጀመሪያው ጥያቄ «የትኛው ትዕይንት ላይ ያለው?» የሚል ነው።

ይህ ሁሉ ጥንቃቄ ዋጋ እንዳለው የሚያሳይ እውነተኛ ታሪክም አለ። ለ«ቡሊት» ሁለት ሙስታንጎች ነበሩ። ለአደገኛ ዝላዮች ያገለገለው ጠፍቶ ከቆየ በኋላ በ2017 ሜክሲኮ ውስጥ ቆሻሻ ቦታ ተገኘ። ሁለተኛው ለአሥርተ ዓመታት በአንድ ቤተሰብ እጅ ቆይቶ በጥር 2020 በጨረታ 3 ነጥብ 74 ሚሊዮን ዶላር ተሸጧል። የእነዚህ መኪኖች ማንነት የተረጋገጠው በዝርዝር ምርመራ ነው፤ በሻንሲ ቁጥራቸውና ለፊልሙ ሲባል በተለወጡ ክፍሎቻቸው። ሞዴል ሠሪዎቹ በትንሹ የሚለማመዱትም ይህንኑ ነው።

የእኛስ መኪኖች?

ያዩትን መኪና በትንሹ መልሶ መሥራት ለእኛ እንግዳ አይደለም። በየሰፈሩ ልጆች ሽቦ አጣጥፈው፣ ቆርኪና ቆርቆሮ ጎማ አድርገው አይሱዙና አውቶቡስ ሲሠሩ ኖረዋል። ጥሩ የሽቦ መኪና የሚሠራ ልጅ የአይሱዙን አፍንጫ ከሌላው ለይቶ ያውቃል። ያ ዓይን የሄርቢ ፈላጊው ዓይን ነው።

በማያ ሳይሆን በታሪካችን የገባ መኪናም አለን። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከዙፋን ወርደው ከቤተ መንግሥት የተወሰዱት በቮልስዋገን ነበር። የንጉሠ ነገሥቱ ጋራዥ በትልልቅ መኪኖች የተሞላ ስለነበር ያቺ ትንሽ መኪና ከሥልጣን ካወረዳቸው አዋጅ ባልተናነሰ በሰው አእምሮ ተቀርጻ ቀርታለች። አዲስ አበባን በሰማያዊና በነጭ ያለበሱት የላዳ ታክሲዎችም አሉ። ላዳ በሶቭየት ዘመን በ1 ለ 43 ልክ ሞዴል ተሠርቶለታል፤ የእሱ ዘመድ የሆነው ፊያት 124ም እንዲሁ። ከእነዚህ አንዱን አግኝቶ ታቹን ሰማያዊ፣ ጣሪያውን ነጭ መቀባት ከሄርቢ የቀለለ ሥራ ነው።

የሚከብደው ማስረጃው ነው። የሆሊውዱን መኪና የሚሠራ ሰው ፊልሙን አቁሞ ያያል። የአዲስ አበባን ላዳ የሚሠራ ሰው ግን ሰማያዊው የትኛው ሰማያዊ እንደ ነበር፣ ቁጥሩ በሩ ላይ የት እንደ ተጻፈ፣ ጣሪያው ላይ ምን እንደ ተሰቀለ የሚነግረው ያስፈልገዋል። ላዳዎቹ ከመንገድ እየጠፉ ነው፤ ቮልሶቹም እየተመናመኑ ነው።

ይህን ሙያ መሞከር የሚሻ አንባቢ ብዙ ገንዘብ አያስፈልገውም። ከአንድ ተራ ቮልስ ይጀምር፤ ፊልሙን ደጋግሞ ይይ፤ ቀለም ከመግዛቱ በፊት ያየውን ይጻፍ። የድሮ ቮልስ፣ ላዳ ወይም ሰይቸንቶ በግቢው ያቆመ ደግሞ ለቆራሌው ከመስጠቱ በፊት ከፊት፣ ከኋላ፣ ከሁለቱም ጎንና ከውስጥ ፎቶ ያንሣው፤ ዓመቱን፣ ቀለሙንና ታርጋውን ከፎቶው ጀርባ ይጻፍ። ነገ ያንን መኪና በትንሹም ሆነ በፊልም መልሶ የሚሠራ ሰው የሚነሣው ከዚያ ፎቶ ነው።